ደረጃ ዜሮ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፤ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ።
ዛሬ የውሃ ተራችን ነው፤ ቧንቧው እስኪያጉረመርም ስጠብቅ
የላፕቶፔን ሆድ ፈታሁት፤
የሲዲ ማጫወቻውን ነቅዬ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ አስገባሁት።

አንድ ዲስክ ብቻውን ደክሞት
ምስሉ ከጠጅ ቤት እንደ ወጣ ሰው ይንገዳገድብኝ ነበር።
አንደኛው ከማሽኑ ጋር ያረጀ፣ የራሴ።
ሌላው የይርዳው ነው፤ ሱቃችንን ስንዘጋ
ካሜራው ለሱ፣ ላፕቶፑ ለኔ፤
ዲስኩን ግን «ያዘው፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ
በካልሲ ጠቅልሎ የሰጠኝ።

ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ፊደል በፊደል ለቅሜ ጻፍኩ፦
ሁለቱ አንድ ይሁኑ፣ ደረጃቸው ዜሮ።
ሊኑክስ አይመክርም፣ አይቆጣም፤
«በላያቸው ያለው ይጠፋል፤ ልቀጥል ወይ?» ብሎ ብቻ
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

ሥራው እንዲህ ነው፦ የሙሽራዋን ሳቅ ይተለትለዋል፤
አንድ ሰበዝ እዚህ፣ ቀጣዩ እዚያ፣
ቬሏ ከአንዱ ዘንድ፣ ፊቷ ከሌላው።
ሁለቱ አብረው ሲያነቡ ፍጥነቱ ለጉድ ነው።
አንዱ ቢሞት ግን የሚተርፈው
ግማሽ ሠርግ አይደለም፤
ዜሮ ነው።

«ድር ቢያብር» ይላሉ፤ አንዱ ክር ሲበጠስስ?

እኔና ይርዳውም እንደዚያ ነበርን፤
እሱ ያነሳል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣
የቅዳሜው ሠርግ ሰኞ ይደርሳል።
መጠባበቂያ ግን አልያዝንም።

ቧንቧው አጉረመረመ።
በርሜሉን ሞልቼ ተመለስኩ፤ ጠቋሚው እንዳለ ነው።
የእትዬ አሰገደችን ልጅ ሠርግ ወደ ፍላሽ ገልብጬ
ስኳር ዕቃው ውስጥ ከተትኩት።
ከዚያ «አዎ» አልኩት።