ልቃቂት

ጋሽ አራጋው ድሮ ሸማኔ ነበሩ፣
የማሽን ሸማኔ፣ ከጩኸት ያደሩ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በፈረቃ ሲወጡ
ጆሯቸውን ጥለው ድምፅ ብቻ አመጡ።
"ተራራቁ!" ሲሉን ከሜዳው ጫፍ ቆመው
ባጃጆች ጥግ ይይዛሉ፣ ከኛ ቀድመው።

አምስት ነን። ያኔማ፣ ኳስ ከያዘች አንዷ
አራታችን ስንሮጥ ይጠፋል መንገዷ፤
"ለኔ! ለኔ!" ሁካታ፣ የሰኞ ገበያ፣
ክርን ለክርን ገጥመን፣ ጠፍቶ መተያያ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ልቃቂት ክር ይዘው
ካንዷ ወገብ ካንዷ አሰሩን አያይዘው።
"ከረገበ፣ ተጣብቃችኋል።
ከተበጠሰ፣ ተጣጥላችኋል።
አቀብሉ፣ ቁረጡ፣ ዙሩ፣ ተመለሱ፤
ክሩን ግን አደራ፣ እንዳትበጥሱ።"

ሰባት ጊዜ ተበጠሰ።
ፋንታዬ ወደቀች፣ ሳቅን።
በስምንተኛው ማንም አልሳቀ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም እንዴ?"
አለች ኑርያ፣ ለማሾፍ።
ጎንበስ ብለው ክሩን ዳሰሱ።
"ልጄ፣ ድር ስዘረጋ ነው ያረጀሁት።
ፈትል ከፈትል ከተላፋ ማሽኑ ይቆማል፣
በመቀስ ነው የሚፈታው።
የሸረሪቷን እዪው እስቲ፣
ከድሩ ባዶው ይበዛል።"

ለኔ የደረሰኝ የግራው ጥግ ነው።
ጥግ! የተቀጣ ተማሪ የሚቆምበት።
አኮረፍኩ፣ ሁለት ሳምንት።

ደሴዎች ወረዱ፣ እሑድ በማለዳ፣
የጦሳን ጉም ለብሰው፣ ለሚነደው ሜዳ፤
ሹራብ ሲያወልቁ ነው ግማሹ ያለቀው።
ክሩ ተፈትቷል። ወገቤ ግን ያውቀው፣
ስጠጋ ይረግባል፣ ስርቅ ይጎትታል።
ጠባቂዬ ቆማ ዐይኗ ይዋልላል፣
አንዱ ኳሷ ላይ፣ አንዱ እጆቼ ላይ፤
ትታኝ ብትሄድ እወረውራለሁ፣ ታውቃለች፤
ብትቀር ደግሞ

መሃሉ ባዶ ሆነ። ኑርያ ገባችበት።
ጋሽ አራጋው በፋብሪካ ክር የሠሩት መረብ
እሽ አለ፣ እንደ ሹክሹክታ።

ማታ እናቴ፦ "ስንት አገባሽ?"
"ምንም።"
"ኳስ ነካሽ?"
"ሁለቴ።"
"ታዲያ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"
"ቆሜ።"
ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ድስቷ ዞረች።

ማድ ቤታችን ጠባብ ናት፣ ለሁለት አትበቃም።
የፈላ ውኃ ይዤ ከኋላዋ ሳልፍ
ሳታየኝ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣
ግማሽ እርምጃ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ክሩ አልረገበም።