መገናኛ ነጥብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማንሻውን ጨብጬ፣
ከጭያቱራ ገደል ካናቱ ተቀምጬ፣
አንዷ ሣጥን ስትወጣ፣ ሌላዋ ስትወርድ፣
ሁለቱን ሳመዝን ባንድ የሽቦ ገመድ፣
ማንም ሒሳብ ብሎ ሥራዬን አልጠራው፤
ደሞዝ የሚሉት ነው እኔም የማውቀው።
ትምህርት ከሰባተኛ አቋርጬ ወጣሁ፤
ከትኬት ቁጥር በቀር ቁጥር የት አውቃለሁ።

በጥር ውርጭ አመሻሽ አራት ልጆች መጡ፣
ከማሞቂያዬ ዳር ክብ ሠርተው ተቀመጡ።
እነሱ ሰፈር መብራት በየማታው ይጠፋል፣
የገመዱ ጣቢያ ግን ምንጊዜም ይበራል።

ፒክሪያና ቶርኒኬ፣ ማቅቫላና ባዱሪ፤
የሐምሌው ፈተና፣ ሒሳቡ አስፈሪ።
ፒክሪያ ቅንፍ ስትፈታ ምልክት ትስታለች፤
ከበሩ የቆመችውን መቀነስ ዘላ ትገባለች።
ቶርኒኬ ግራፍ ሲሥል እርሳሱን ይበላል፤
የማቅቫላ ጆሮ ስትሳሳት ይቀላል፤
ያያቷን ስም ይዛ፣ ያያቷንም ኩራት፣
"ገባኝ" ትል ነበረ ሳይገባት፣ ሳይገባት።

ባዱሪ ነው እንግዲህ የሚያስረዳቸው።
የዳቦ ወረቀት ዘርግቶ መሀላቸው፣
"እኩልታ" ይላቸዋል "ሁለት ሣጥን ናት፤
ከግራዋ ስታጎድሉ ከቀኝም አጉድሉላት።
አንዷን ብቻ ከነካችሁ ገመዱ ይዛባል።
ጉሊኮን ጠይቋት፣ ስትሠራው ትውላለች" ይላል።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ማታ፣ ጣሪያ ላይ አፍጥጬ፣
እኩልታ፣ እኩልታ አልሁ፣ ቃሏን አላምጬ።

የሚያውቅ ሰው ሁሌ ፈጣን ይመስለኝ ነበር።
እሱ ግን ዝግ ይላል። ለማቅቫላ ሲነግር፣
አንዱን ጥያቄ ሰባቴ፣ በሰባት መንገድ፤
አንዴ በፖም፣ አንዴ በብድር፣ አንዴ በኔ ገመድ።
ማቅቫላም አንድ ማታ "አልገባኝም" አለች፣
ጆሮዋ ሳይቀላ። ያን ቀን ተማረች።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲል ባዱሪ ይነሳል፤
ለማንጋኒዝ ፈረቃ ባንዷ ሣጥን ይወርዳል።
ያባቱን ወገብ ድንጋይ ከመታው ጀምሮ፣
እሱ ነው የሚወርድ ያባቱን ቆብ አሥሮ።

በሚያዝያ ሦስቱ የፈተና ካርድ አሳዩኝ፣
ቁጥራቸውን ጮክ ብለው እያነበቡልኝ።
የባዱሪ እጅ ግን ከኪሱ አልወጣም።
ለብቻዬ ሲያገኘኝ፣ "እኔ አልተመዘገብኩም፤
መዝገቡ ሲዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ነበርሁ" አለ።
"አትንገሪያቸው። ካወቁ ይተክዛሉ፤
ከተከዙ ደግሞ ምልክት ይረሳሉ።"

የፈተናው ጧት ደረሰ። ሦስቱ ተሳፈሩ።
"ባዱሪስ?" አሉኝ። "ወርዷል" አልሁ፤ እውነት ነው፣ ከነምሥጢሩ።
ማንሻውን ገፋሁ። የነሱ ሣጥን ስትንሸራተት፣
ሌላዋ የሌሊቱን ፈረቃ ይዛ ጀመረች ሽቅብ መምጣት።
ከወንዙ በላይ፣ ከገደሉ መሀል፣ ሁለቱ ሲቃረቡ፣
ጥቁር ፊት አዩ በመስኮት፤ ዓይኖቹን አነበቡ።

ደንቡ "በመሀል መንገድ ማቆም ክልክል ነው" ይላል፤
በቀይ ቀለም ተጽፎ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።

አቆምሁ።

ሁለት ደቂቃ። ምናልባት ሦስት። ነፋሱም ዝም ያለ መሰለኝ።
መስኮት ለመስኮት ሆኑ። የተባባሉት አልደረሰኝ፤
የፒክሪያን እጅ ብቻ፣ መዳፏ ላይ ስትጽፍ አየሁ፤
ከዚያ ማንሻውን መለስሁ።

ባዱሪ ከሣጥኑ ወጥቶ አግዳሚዬ ላይ ተዘረጋ።
"ምን አልሃቸው?" አልሁት፣ ሻይ ይዤ ስጠጋ።
"ቅንፍ ከመፍታታችሁ በፊት በሩን እዩ" አለና፣
አንቀላፋ፤ ዳቦው እጁ ላይ እንዳለ ገና።

ከማንሻዬ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ ጽፌያለሁ
የከርሞው መዝገብ የሚከፈትበትን ቀን። በየጧቱ አየዋለሁ።
ጠራጊዋን "ሌላውን እጠቢ፣ ይህን አትንኪ" ብያታለሁ።
ከትኬት ቁጥር በቀር ይህን ቁጥር አውቃለሁ።