የፍልፈል መንገድ

ሱቄ መሐል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ሥር፤
ግማሿ ቆርቆሮ፣ ግማሿ ጣውላ አጥር፤
«ጥገና፣ ካርድ፣ ፎቶ» ብዬ በቀይ ቀለም
ጽፌባታለሁኝ፤ ሌላ ጌጥ የላትም።
በመንዝ ውርጭ ጣቴ እየደነዘዘ፣
ዐይኔ በብየዳው ጭስ እየፈዘዘ፣
ዐሥራ አንድ ዓመቴ የሰው ስልክ ስፈታ፤
ስልኩን ሲያስፈታኝ ሰው ሆዱም አብሮ ሲፈታ።

ጋሽ ሸዋፈራሁ፣ ባናቸውን ሽጠው፣
ጉም በወረደ ቁጥር ይመጣሉ ሮጠው።
«ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ ደመናው ሸፈነው፤
እስኪገለጥ ድረስ እዚህ ልጠብቅ ነው?»
«የለም ጋሼ» አልኩኝ፣ «ሰማዩ ምን በወጣው፣
ሽቦ ነው፣ በምድር ውስጥ ተቀብሮ የሚመጣው።
ያን ሰሞን ሲጠፋም፣ ከመዘዞ ማዶ
ግሬደር በጠሰው፣ መንገድ ሊጠርግ ሄዶ።»
ሳቁ፣ ሳል እስኪያፍናቸው። «ፍልፈል ነው በለኛ!
እኔ ወደ ላይ ሳይ፣ ከሥሬ ነው የሚተኛ?»

ማንአህሎሽ ደግሞ፣ ያቺ ገብስ ነጋዴ፣
«ኢንተርኔት ይቅርብኝ፣ ብር ይበላል አንዳንዴ፤
ፌስቡክ ብቻ ሙላልኝ፣ እስከ አፉ» ትለኛለች፤
ጣሳ ይመስል ስልኳን ትዘረጋለች።

እትዬ እንግዳወርቅ ሲቃ እየያዛቸው
ስልኩን ዘረጉልኝ፤ እንዲህ ይላል የደረሳቸው፦
«ለሃያ ሰው ላኪ፤ ሳታደርሽ ብታድሪ፣
ከቤትሽ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ቁጠሪ።»
«ዐሥራ ሰባት ላክሁኝ፣ ሦስት ሰው አነሰኝ፤
እባክህ ሦስት ቁጥር ካንተ ስልክ አውሰኝ።»
«ውሸት ነው» ብላቸው፣ ቆጣ አሉብኝና፣
«የተጻፈ ነገር ይዋሻል እንዴና?»
አልፈረድሁባቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ አባታቸው፤
ቆዳ ሲወጠር፣ ሲፋቅ፣ አይተዋል በዐይናቸው፤
ቀለም ተበጥብጦ፣ መቃ ብዕር ተቀርጾ፣
ለአንዲት መስመር ሐሰት ማን ይውላል ጎብጦ?
ዛሬ ግን ለሐሰት ፍየልም አይታረድ፤
አውራ ጣት ይበቃል፣ ሲወጣና ሲወርድ።
ሦስት ቁጥር ሰጠሁ፤ ሦስቱም የኔው ናቸው፤
ምክሩ ለነገ ይደር፣ እንቅልፍ ይውሰዳቸው።

ተገኝወርቅ ተማሪው፣ በአንድ ምሽት ንዴት፣
ጓደኛውን «ሌባ» ሲል ለጠፈው በድፍረት።
ገንዘቡ ተገኘ፣ ከገዛ ደብተሩ፤
ሲሮጥ ደረሰብኝ፣ ክፍት ትቶ በሩ፦
«አጠፋሁት፣ ጋሼ። አጥፍቼዋለሁ፤ በቃ።»

ማጥፋቱንስ አጠፋህ።
ያጠፋኸው ግን አልጠፋም፤
ሞላሌ ድረስ ሄዷል፣ ባጃጅ አልጠበቀም።
ያኛው ልጅ ሦስት ሳምንቱ፣ ክፍል አልገባም።

ሰው ላይ ስስቅ ኖሬ፣ የኔው ተራ ደርሶ፣
ይኸው ይናገራል አፌ ተመልሶ።
«የማያውቀው የለም፣ ጠይቁት» እያልሁኝ
ስንቱን ሰው ሰብኬ፣ አንድ ሌሊት ጠየቅሁኝ።
የአባቴን ስም ጻፍሁ፦ አጎናፍር ወልደየስ፤
ጠበቅሁ፣ ያቺ ክብ ነገር ዞራ እስክትጨርስ።
«ምንም አልተገኘም»። በአልፋው «አ» ነበር፤
በዐይኑ «ዐ» ሞከርሁት፤ ያው ሆነ ነገር።
አፈርሁ፤ በጨለማ ሰው ያየኝ ይመስል፣
አባት እንደሌለኝ፣ ከሰማይ እንደወደቅሁ ያህል።

በማግስቱ ለጋሽ ሸዋፈራሁ አወጋኋቸው።
ባናቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉት።
«አጎናፍር? ግራኙ?
በዚያ ክረምት፣ ከመዘዞ ወዲህ፣
የሽቦውን ቦይ በዶማ የቆፈረው?
ጥፍሩ የወለቀው?»

እሱ ነው።

«ምንም አልተገኘም» የምትለዋ ቃል
መንዝ የምትደርሰው
እሱ በከፈተው፣
በፍልፈሉ መንገድ፣ በአባቴ ጉድጓድ ነው።

«ካርድ አለ?» ይለኛል ከደጅ አንድ ሰው።
«አለ፣ ግባ» አልሁት። «ቀስ ብለህ ርገጠው።»