ጫጫታ

ረቡዕ ማታ፣ ቤርሼባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ከሥራ የመጣን ነን፦ የከንቲባ ቃል አቀባይ፣
ዜና ስታነብ ውላ ድምጿ የሰለለ፣
ዐሥር ዓመት ሳሙና ሲያሻሽጥ የከሰለ፣
እኔም በአሥራ አንዱ ባቡር ከቂርያት ጋት፣
አስተርጓሚ፣ ጆሮዬ እስኪግል ስልክ ይዤ የዋልኩት።
ሁለተኛ ዲግሪ፣ የመገናኛ ብዙኃን፤
ክፍያው በዐሥር ወር፤ እሱን ባናነሣው ይሻለን።

መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለች፤
«ላኪ» ብላ ጻፈች።
ቀስት፤ «መልእክት»። ሌላ ሣጥን፤ «ተቀባይ»።
ከዚያ ቀስቱ መሐል ላይ
ሕፃን እንደሞነጫጨረው ያለ የተጠማዘዘ መስመር፦
«ይህ ጫጫታ ነው፤ መልእክቱን የሚያበላሽ ማናቸውም ነገር።»

ሁሉም ጻፈ። ቃል አቀባዩ ሳይቀር ጻፈ።
የእኔ እስክሪብቶ ግን እዚያው ቆሞ ቀለሙን አንጠፈጠፈ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ከትምህርት አስቀሩኝ፤ ቤታችን ውስጥ ዕብራይስጥ
የምችል እኔ ብቻ፤ ኩፓት ሆሊም፣ ረጅም ወረፋ።
ለሐኪሙ ኦስናት ነበርኩ፤ ለአባቴ ትርፌ።
ሐኪሙ አባቴን አላየውም። እኔን እያየ
ብዙ ተናገረ፤ መሐሉ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።
ሁለት ቃል አልገባኝም።
የቀረው ገብቶኛል።

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ
«ምን አለ?» አለኝ።
ግድግዳው ላይ የሳንባ ሥዕል ነበር፤ ሮዝ፣ ንጹሕ።
«ብዙ ውኃ ጠጣ ይልሃል።»
«ይህን ሁሉ አውርቶ ውኃ ብቻ?»
«ብዙ ውኃ።»

ጠጣ።
ሰባት ወር ሙሉ ጠጣ።
ጆጉን ራስጌው አስቀምጦ ለጠያቂው ሁሉ
«የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ልጄ ናት የነገረችኝ» ይላል፤
ጠያቂውም ያመሰግነኛል፣
ጉንጬን ይስመኛል።

«ጥያቄ ያለው?» አለች መምህሯ።
እጄ ሳላዘው ተነሣ።
«ጫጫታው ሰው ቢሆንስ?
ዘጠኝ ዓመቱ ቢሆንስ?»
ሳሙና ሻጩ ዞር ብሎ አየኝ።
እሷም ትንሽ አሰበች፤ «ለመመረቂያ ጽሑፍ
ጥሩ ርእስ ይወጣዋል» አለች፣ ሰዓቷን እያየች።

ዛሬ ሥራዬ ላይ ሕጉን አውቃለሁ፤
አንድ ቃል አልጨምር፣ አንድ ቃል አልቀንስ፤
ያሉትን እንዳሉት አደርሳለሁ።
ሰው ወዳጁን፣ ሚስት ባሏን፣ ማንም ማንንም
በእኔ አፍ ሲረዳ ሰምቻለሁ።
ብቻ ከከባዱ ቃል በፊት፣
እንዲያው ለትንፋሽ ያህል፣
ሦስት ሰከንድ።

ቅጂውን የምታዳምጥ አለቃዬ ትጠራኛለች፦
«እዚህ ጋ ምንድን ነው? መስመሩ ይቆራረጣል እንዴ?»
«አዎ» እላታለሁ።
«ጫጫታ ነው።»