ሮብሌ ቁንዱዶ ላይ

ድሬን ስንለቃት አልነጋም ነበር፤
ሳምቡሳው በፌስታል፣ ውሃው በጀሪካን፣ ከኋላ ወንበር፤
ከፊት ሮብሌ ነው፣ በሽርጥ፣ በሸበጥ፣
«ደግሞ ጃኬት!» እያለ በእኔ የሚያላግጥ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጋላ ከዚራ ጋሪ የነዳ፣
ባጃጅ ሲበዛ ፈረሱን የሸጠ፣ ለቤት ኪራይ ዕዳ።

ደንገጎ ጠምዝዞን፣ ጆሯችን ተደፍኖ፣
ከፉኛን ቢራ ወዲያ ጉዞው በእግር ሆኖ፣
ቁንዱዶ አናት ላይ ሆንኩ የጉም መጫወቻ፤
ጃኬቴን ሮብሌ ለብሶት፣ የቀረኝ ሸሚዝ ብቻ።

ጉሙ ሳሳ ሲል፣ ዘጠኝ ፈረሶች፣
ጌታ የሌላቸው፣ ልጓም ያልቀመሱ አፎች፤
አንዷ ውርንጭላዋን ትልሳለች።
ስልክ ያወጣ አወጣ። ሮብሌ ግን ምላሱን
ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ፣ ያን የጋሪ ድምፁን።

ዘጠኝ ጥንድ ጆሮ ቀጥ አለ።
አዩት።
ተመልሰው ሣራቸውን ጋጡ።

«አልሰሙኝም» አለ፤ ሳቀ፤ ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ፤
ቁልቁል ስንወርድ ግን፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ ከኋላችን ራቀ።

ማታ የድሬ ወበቅ ሲቀበለን፣ ጃኬቴን መለሰ፤
ኪሱ ውስጥ አገኘሁ
አንድ እፍኝ ሣር፣ ገና እንደራሰ።