ማን ጠቀሳት?

ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ባሪሳል ከተማ፤
ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል፣ መስኮቱ ጨለማ።
ማዕረግ የሚጠይቅ ምሁር በመጣ ቁጥር
የጻፈውን ሁሉ ከመዝገብ መዘርዘር፤
ማን እንደጠቀሰው፣ ስንቴ እንደጠቀሰው
ደምሬ አቀርባለሁ፤ የሚፈርደው ቁጥር፣ የሚፈረድበት ሰው።

የሽራቦን ዝናብ ወንዙን አሳብጦት፣ በዚያ ሳምንት ውስጥ
ፋይሏ መጣልኝ፣ በላስቲክ ተጠቅሎ፣ ቀለሙ የሚቀልጥ፤
«ዶክተር ሸፋሊ ሃውላደር» ይላል፤ «የሕፃናት ጤና»፤
ሃያ ሰባት ጽሑፍ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንዲት ቀጭን ዝና።

ከሁሉ የገነነው፣ የክትባቱ ጥናት፣ አርባ ደራሲ አለው፤
ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስሟ አሥራ ዘጠነኛ ነው።
«በዚህኛው ላይ ምን ነበር ሥራዎ?» ብዬ ብጠይቃት
ሳቋ በስልኩ ውስጥ እንደ ጠጠር ዘነበ፤ «ሚዛን አዋስኳቸው፣ የሕፃናት፤
እሱም ተሰብሮ ነው የተመለሰልኝ፤
ስሜን ያስገቡት ለካሣ ይመስለኛል፣ ሲያፍሩብኝ።»

ከዝርዝሩ ግርጌ አራት ገጽ ብቻ፤ ርዕሱም አጭር፦
«ከደጃፍ እስከ ኩሬ»። ጸሐፊዋ እሷ ብቻ። ቁጥሩ ሁለት። የሚያሳፍር።
አንዱ ራሷ ናት፣ በኋላ ስትጽፍ መልሳ የጠቀሰችው፤
ሌላው የሩቅ አገር ሰው፣ ስሟን እንኳ አሳስቶ «ሻፊሊ» ያላት ነው።

እኔ ቆጥሬ እንጂ አንብቤ አላውቅም፤ ያን ቀን መብራት ጠፋ፣
ኮምፒውተሩ ሞተ፤ በመስኮት ብርሃን ገጹን ገለጥኩ፣ ሰዓቱን ልገፋ።

ሰባት ዓመት ሙሉ እየተራመደች ለክታለች፣ ከደፍ እስከ ውሃ፤
ሃያ አንድ እርምጃ ከባለጸጋው ቤት፤ ዘጠኝ ከድሃ።
ሰዓቱንም ጽፋ፦ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት፤ ሩዝ ሲጣድ፣
ታላላቆቹ ትምህርት ቤት፣ ሰውየው ማሳ ሲሄድ።
ውሃ ድምፅ የለውም፤ የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፣ ይላል ሦስተኛው አንቀጽ፤
እናት ከምድጃው ቀና ስትል ያለው ዳክዬና ለስላሳ የኩሬ ገጽ።
መደምደሚያዋም የጉልበት ቁመት የቀርከሃ በር፤ ሌላ ምንም የለው፤
ዋጋው ሁለት ኪሎ ሩዝ፤ ጎረቤት በአንድ ከሰዓት ጠርቦ የሚያቆመው።

ፕሮፌሰር ሞጁምደር መነጽሩን ጠርጎ፣ ሠንጠረዤን አይቶ፦
«አርባ ሰው የጻፈው ለእሷ አይቆጠርም፤ ሁለት ደግሞ ሁለት ነው» አለና ፋይሉን ገፋው፣ ሻዩን አንስቶ።
«ተጽዕኖዋ አነስተኛ» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩትም እኔ፤
ያለ ስርዝ ድልዝ፣ እንደ ወትሮዬ፣ በሙሉ ወኔ።

በቀጣዩ ወር፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ሆኖ፣ በጀልባ ወረድኩ ወደ ደቡብ፤
ጨለማ፤ ጭቃ፤ ገና ከደፉ ቅልጥሜን አንዳች ነገር መትቶኝ ተዘረርኩ ድብ።
በእጄ ዳበስኩት፦ ቀርከሃ ነው፤ ከጉልበት እኩል፣ የታሰረ በኬሻ ገመድ፤
ሲነጋ ባይ በሁሉም ደጃፍ፤ በሙስሊሙ፣ በሂንዱው፣ በመምህሩ፣ በጀልባ ቀዛፊው ቤት፣ ዳርና ዳር መንገድ።
«ማን አመጣው?» አልኳት ከደፉ ላይ ዓሣ የምታጥብ አንዲት ሴት፤
«ማን ያመጣዋል?» ብላ ተገረመች፤ «ሳገባም ነበረ፤ ያለ ነው ከጥንት።»

የቀርከሃው ዕድሜ ስድስት ዓመት አይሞላም፤ ቆጣሪ ነኝ፣ አውቃለሁ።
ከበስተጀርባው አንድ ሕፃን ቆሟል፤ ስሙን አልጠየቅሁ።
ሁለት እጁን በሩ ላይ ጭኖ፣ እንደ ኮሚቴ ሰብሳቢ አየኝና
አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዝንብ ይሁን አላውቅም፤ ጠቀሰኝ፣ ደገመና።

ተመልሼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ፤ የደጃፍ ዓምድ የለውም፤
ሁለቱን ሦስት አላደረግሁም፤ በቁጥር አልቀልድም።
ብደውልላት ረዳቷ አንስቶ «ወንዝ ማዶ ናት፣ ትለካለች» አለኝ፤
«ምኑን?» ስል፣ «የመሰላል ደረጃ፣ የ…» ብሎ መስመሩ ተቋረጠብኝ።

ሰንበሩ ግን አለ፣ ከጉልበቴ በታች፤
ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስወጣ በየደረጃው ያመኛል፤
አንድ፣ እላለሁ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ጣሪያው ያፈሳል።