የልጆች መርዶ

ሳሙና በር ዳገት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
እኔ ነኝ ጥሩምባ ነፍቼ የምሄድ።
ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ አፍ ሆኜ
ስንት በር አንኳኳሁ በብርድ ጨክኜ!
የሟቹን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፣
«ቀብሩ ስድስት ሰዓት፣ ቀሃ ኢየሱስ» እላለሁ።
ውሻ ይመልሳል። አምፖል ይበራል።
አንዱ ጋቢ ደርቦ በበሩ ብቅ ይላል።

መርዶ ሥርዓት አለው፤ አዋቂ ያውቀዋል፦
ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣
ውሃ ይቀመጣል፣ ደጋፊ ክንድ ይቆማል፣
ሳይነጋ ይነገራል።
ይህ ሁሉ ለትልቅ ሰው ነው።
ለልጅ ያለን ቃል አንድ ነው፦
«ውጡና ተጫወቱ።»

ባለባጃጁ አዛናው ያረፈ ለት ማለዳ
ጥሩምባዬን ነፋሁ ከቤቱ ግድግዳ።
ሶስና ብቅ አለች፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣
አንድ እግሯ በካልሲ፣ አንዱ ባዶ፣ ከደጅ፦
«ጋሼ ድልነሳ፣ ለማን ነው የነፋኸው?»

ሰፈሩን በሙሉ የቀሰቀሰ አፌ
እዚያች በር ላይ ደረቀ።
«ለሩቅ ሰው ነው» አልኳት።
አክስቷ ደርሳ በእጇ እየጎተተች
«አባትሽ ለሥራ ሁመራ ሄዷል» አለች።
ናሆም፣ አራቱን ያልደፈነው ወንድሟ፣
«ሁመራ»ን እንደ ከረሜላ ሲያላምጣት ዋለ።

ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን።
እናንዬ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች።
ልጆቿ ከጎረቤት ጓሮ፣ በአጥር ቀዳዳ ያዩናል፤
ሰው ሲያለቅስ ሶስና ትቆጥራለች። በጣቷ።

ሰልስት ወጣ። ካስማውን ስነቅል
መጥታ ገመዱን ያዘች፦
«ጋሼ፣ ሁመራ ይሞቃል?»
«ይሞቃል።»
«መሬቱስ ያቃጥላል?»
«አዎ፣ ያቃጥላል።»
«ታዲያ አባዬ ጫማውን ለምን ትቶ ሄደ?»

ጫማው ከበሩ ሥር ነበር። ቡኒ። የቀኙ ሶል በፍሬን ያለቀ።

መዶሻዬን ጣልኩ፤ እናንዬን ጠራሁ።
«ሰፈሩ ሰምቷል፤ ያልሰሙት ልጆችሽ ብቻ ናቸው።»
እጇ ተንቀጠቀጠ። «አንተ ንገርልኝ።»
«ከጎንሽ አለሁ፤ ቃሉ ግን ካንቺ ይውጣ፤
ከባዳ አፍ ሰምተው ነገ ማንን ይመኑ?»

ሌሊት አልጠበቅንም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
ሁለቱንም ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው፦
«አባታችሁ ሞቷል።
ተኝቶ አይደለም። ሩቅ አገር አይደለም።
ልቡ ቆመ፤ ሐኪሞቹ ሞከሩ፣ አልሆነም።
እናንተ ምንም አላጠፋችሁም።»

«ነገስ ይመጣል?» አለ ናሆም።
«አይመጣም።»
«ከነገ ወዲያስ?»

ሶስና አለቀሰች፤ ወዲያው ዳቦ ጠየቀች፤
ዳቦዋን ጎርሳ ወጥታ ሰኞ ማክሰኞ ዘለለች።
«ልጅ ምን ያውቃል፣ ረሳች» አለች አንዷ።
የት ረስታ! የልጅ ሐዘን የሐምሌ ዝናብ አይደለም፤
የሚያዝያ ነው፤ ወርዶ ፀሐይ ይወጣል፣
ልብስ ስታሰጣ ይመለስብሃል።

እድሩ ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፣ ወንበሩን ቆጥሮ ወሰደ።
ከዚያ ወዲህ ያለው መዝገብ ላይ የለም፦
የአዛናው ጓደኞች ተራ ገብተው
በየጠዋቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤
ናሆም አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ክላክስ ይነካል።
መምህርት ፋንታዬ ሶስና ስታለቅስ አታስወጣትም፤
ዴስኳን ወደ መስኮቱ አስጠጋችላት።
የእናንዬን ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣
እንዳይታወቅበት ይፈልጋል።
እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስሙን ጠርተን እናወራለን፤
ሲያፏጭ ዜማ እንዴት እንደሚስት፣
መልስ መስጠት ስንቴ እንደሚረሳ።
አንዳንዴ እንስቃለን። እናንዬ መጀመሪያ ደነገጠች።

በአርባው ዋዜማ ፒያሳ አገኘኋት፣
ከሊስትሮው ፊት፣ ጫማውን ታቅፋ።
ያብረቀርቃል።
ፊቴን አየችና፣ እኔኑ ልታጽናና፦
«ይመጣል ብዬ አይደለም እኮ፣ ጋሼ።
አቧራ እንዳይለብስ ነው።»